ባልዲውን አንሺና ነይ

ባልዲውን አንሺና ነይ ወዲህ፣ ሮሰንዳ፣
ደረጃው ያንሸራትታል፣ አይራራም ለእንግዳ።
የሳሙናን ነገር እርሺው፤ እብነ በረድ ይበላል፣
ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ትዕግሥት ካለሽ ይበቃል።

ቫልፓራይሶ ማለት «የገነት ሸለቆ» ነው ይላሉ፤
ሸለቆውን አላየሁም። ሰዎቿ ገደል ላይ ተሰቅለው ይኖራሉ።
ሙታኑም እንደ ሕያዋኑ ናቸው፤ ወደ ባሕሩ ዞረው
መርከብ የሚጠብቁ ይመስላሉ፣ በተርታ ተደርድረው።

ከተማ በወረቀት ትዋሻለች፤ በድንጋይ ግን ይወደድባታል፣
ቀራጩ በየፊደሉ ነው የሚያስከፍላት፤ ኪሷን ያማታል።
ይኸው አንደኛው ሀብታም፤ ከጀኖዋ እብነ በረድ አስመጥቶ
መልአክ አቆመ፣ ክንፉን የዘረጋ፣ ዓይኑን ወደ ባንኩ አንሥቶ።
ቴዎባልዶ ግራንዶሊ ይባላል፤ ማዳበሪያ ነበር የሚሸጠው፤
አዎ፣ ያ ሁሉ ነጭ ክንፍ ከወፍ ኩስ ነው የመጣው።

እዚህ ደግሞ ቆሞ ነበር ፈረስ፣ ሻለቃ ተቀምጦበት።
ፈረሰ።
አራት ኮቴ ቀረ፣ ዝናብ ሲሞላው እርግብ የምትጠጣበት።

ይህቺ ጥግ የፈንጣጣው ዓመት ናት፤ ድንጋዮቿ ትናንሽ፣
ከአንድ ጡብ አይበልጡም፤ ሁለቱን በአንድ እጅ ታነሻለሽ።
ስም የሌለው አለ መካከላቸው፣ ስም እስኪወጣለት ያልቆየ፤
«የሆርተንሲያ ልጅ» ይላል ብቻ፤ ከእናቱ ጡት በቀር ዓለም ያላየ።

ከመንገዱ ማዶ፣ በአጥር ከለየናቸው፣ ጸሎታቸው ሌላ ነው ተብሎ፣
መርከበኛ ኤበኔዘር ትራስክ አለ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከሸራው ምሰሶ ተጥሎ።
ባልንጀሮቹ ከደመወዛቸው አዋጥተው መልህቅ አስቀረጹለት፤
ገንዘቡ መሃል ላይ አለቀ፤ ሰንሰለቱ ጎዶሎ ቀረበት።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ረድፍ በመዳፍሽ ዳስሺው እስቲ።
ሻከረሽ አይደል? ሲሚንቶ ነው።
ሩቅ አገር፣ ሰው በማናውቅበት፣ የመርከብ ቦይ ተቆፈረ፤
መርከቡ በዚያ አቋረጠ፤ የእኛ ሀብት እዚህ ተቀበረ።
ከዚያ ወዲህ መልአክ የለም። መስቀል አለ፣ ስም አለ፣ ዓመት፣
አንዳንዱም ላይ በጣት የተጻፈ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በፊት።

አሁን ብሩሹን አስቀምጪ።
ይህን ለጎብኚ አልነግርም።

ነሐሴ ነበር፣ ምሽት፣ ካፊያ። ተራራው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ግንቡ ተናደ፤
ሙት ሁሉ ሣጥኑን ጥሎ ቁልቁል ወደ ገበያ ወረደ።
ግራንዶሊ ከዳቦ ቤት ደጃፍ፣ ከነመስቀሉ፣ ወድቆ ነጋበት፤
ልብስ አጣቢዋ ዶሚቲላ ከሀብታም ሰገነት፣ ሳትጠራ ገባችበት።
አያቴ ነበር የዚያን ጊዜ ቁልፍ ያዥ። ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት
በጋሪ ለቀማቸው። አጥንት አያወራም ስለ ሹመት።
በፋኖስ መለሳቸው፣ ክፍት ወዳገኘው ጉድጓድ ሁሉ፣
መዝገቡ ላይም ይህችን ጻፈ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ በቀለሙ፦
«ሁሉም ገብተዋል። ቁጥራቸው ልክ ነው። ማን ማን እንደ ሆነ አላውቅም።»

ዶሚቲላ የአያቴ እናት ነበረች።
ግራ ትንሿ ጣቷ ቆልማማ፣ ከልብስ መጭመቅ ብዛት።
እንዲህ ያለ ጣት በፋኖስ አይለይም ይሆን? ልጅ አያውቅም የእናቱን አጥንት?
ጠይቄው አላውቅም። በየሙታን ቀን ግን፣ ዝናብ ቢጥል፣ ቢያባራ፣
ከመልአኩ እግር ሥር ይቆም ነበር፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሰው ሳይጠራ፤
በእጁ የመንገድ ዳር አበባ፣ ለባለጸጋ የማይሰጥ፣ ተራ።

ጎብኚ ሲመጣ «ይህ ግራንዶሊ ነው» በዪ፤ የተጻፈውን አንብቢ።
የቀኝ ክንፉ ሥር ሽበት በቅሏል፤ ከላይ ወደ ታች እጠቢ።
እግሩ ዘንድ ስትደርሺ ቀስ በዪ። ሳሙና እንዳትነኪ አልኩሽ፤
እርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ጠግባዋለች።