ጉጉቷ አልጠቀሰችም

ታኅሣሥ ነው። ደብረ ብርሃን።
የበረሳ ውርጭ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ
ጣቴን ማውሱ ላይ ያደነዝዛል።
ክፍሉን አጨልሜያለሁ፤ ምስል የሚያነብ ሰው
ብርሃን አይወድም፣ ከስሙ በቀር የከተማው።

ወርቅያንሱ ተክለማርያም። ስልሳ ሦስት ዓመት። መሐል ሜዳ።
«የጡት ካንሰር፣ ከአራት ዓመት በፊት የወጣ።
አሁን የጀርባ ሕመም። ተዛምቶ ይሆን?»
ይላል የላኪው ሐኪም ጽሑፍ፣ ፊርማውን እንኳ ረስቶ፣
የጥያቄ ምልክቱን ግን ሁለቴ አጥብቆ ጎትቶ።

አየሁት። አሥረኛው የደረት አንጓ ላይ፣
የባቄላ ፍሬ የሚያህል።
በአንደኛው ምስል ስብ ያበራል፤
ስብ ካለ ብዙውን ጊዜ ሰላም ይኖራል፦
የደም ሥሮች ቋጠሮ፣ ክፉም ደግም ሳይናገር፣
ከአሥር ሰው አንዱ ሳያውቀው ይዞት የሚቀበር።
ካንሰር ግን ስቡን ገፍቶ ይገባል፤
እዚህ ይጠቁራል፣ ውሃ በሚያሳየው ምስል ይነጣል።

የወርቅያንሱ ግን ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ግራጫ።
ቅኔ ቢሆን ኖሮ
ለሁለት ፍቺው ሸማ ጥዬ ባጨበጨብኩ።
በአጥንት ሲመጣ ግን ኅብሩ ያስፈራል፦
በአንዱ ፍቺ ሴትዮዋ የማታውን አውቶቡስ ትሳፈራለች፣
በሌላው

ጋሽ ጥላዬን አስታወስኩ፣ የጣርማበሩን።
ጀማሪ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ግራጫ አይቼ
«ስርጭት ይመስላል» ብዬ ጻፍኩ።
«ይመስላል» ነው ያልኩት።
ዳገቱን ሲጨርስ «ነው» ሆኖ ደረሰ።
ጥንድ በሬውን ሸጠ፣ መሬቱን ለሦስት ልጆቹ አካፈለ፣
ዘጠኝ ዓመት ከተኮራረፈው ወንድሙ ታረቀ።
በየካቲት ከአዲስ አበባ የናሙናው ውጤት መጣ፦
የደም ሥር ቋጠሮ። ሌላ ምንም።
እዚህ በር ላይ ቆሞ፣ በዱላው ተደግፎ፣
«ልጄ፣ ሞቱንስ ተቀበልኸኝ፤ በሬዎቼንስ?» አለኝ።
እሱ ስቋል። እኔ አልሳቅሁም።

ሌላም አለች፣ ስሟን የማልጠራት፣
«ምንም አይደለም» ያልኳት።

«ንጋቱ፣ ሲቲውንም ክፈትልኝ።»
አንጓውን በአግድም ቆረጥኩት፦ ነጠብጣብ።
በቁም ቆረጥኩት፦ መስመር፣ መስመር፣ መስመር፤
የተረፉት የአጥንት ዘንጎች ወፍረው፣
የሞቱትን ሸክም ተካፍለው ቆመው፣
መንዝ ውስጥ ባና ሊሠራ የተወጠረ ድር።
ካንሰር ድር አይወጥርም። ብል ነው፤
ያገኘውን ይበላል፣ ጥለቱን አይመርጥም።

ደግሞ አንድ ነገር ቀረኝ።
አንጓ ፊት ለፊት ሲታይ የጉጉት ፊት ነው፣
ሁለቱ የአጥንት እግሮቹ ሁለት ዓይኖቿ፤
ካንሰሩ አንደኛውን ሲበላው ትጠቅሳለች።
እናቴ በሌሊት ጉጉት ስትሰማ አማትባ ትከናነብ ነበር።
እኔ ደመወዜ ነውና
ጎንበስ ብዬ ዓይን ዓይኗን አየኋት፣
ሻዬ እስኪቀዘቅዝ።
አልጠቀሰችም።

«ስርጭት አይመስልም» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት።
ይህ ቃል እግር አለው፤
መሐል ሜዳ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አላውቅም።
እንደገና፦ «የደም ሥር ቋጠሮ፣ ስቡ ያነሰ ዓይነት።
በሦስት ወር ይደገም፣ ለእርግጠኝነት።»

መተላለፊያው ላይ አገኘኋት፣
እንዝርቷን ጭኗ ላይ አድርጋ የበግ ፀጉር ስትፈትል።
ልናገር ስል ፊልሙን ከእጄ ወሰደች፣
ወደ መስኮቱ አንሥታ፣ እንደሚገዛ ጨርቅ፣ ገልበጥ አድርጋ አየችው።
«ድሩ ሳስቷል» አለች። «ሳስቷል እንጂ አልተበጠሰም።»
«አዎ» አልኩ። ከዚህ የተሻለ አልጻፍኩም።

«ታዲያ ጀርባዬን ምንድን ነው የሚያመኝ?»

እሱን አላየሁትም።
ምስሉ ያሳየኝ የሌለውን ነው።
«ሐኪምሽን ጠይቂው» ስላት በትዝብት አየችኝ፣
ከእንዝርቷ ክር በጠሰች፣
ለቀጠሮው ሦስት ቋጠሮ ቋጠረችበት፣
በየወሩ አንድ አንድ ልትፈታ።