የጉንዳኗ መጨረሻ

አትጠገብ ውዱ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣
ጠመኔ ቆጣሪ እንጂ፣ መቼ ነበረች ጸሐፊ?
በደንበጫ ትምህርት ቤት፣ ክርኔ በቀለም የጠቆረ፣
እኔ የማባዣው ዘዋሪ፣ ይህ ከኔ እንኳ ተሰወረ።

አንድ ማክሰኞ ማታ፣ በር ቆልፋ መጣች።
ያረጀ የስም መጥሪያ ጀርባውን አሳየች።
«ይሄን ብታባዛልኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ከደሞዜ ይቆረጥ፣ የወረቀቱ ዋጋ።»

ጅብ ነበር፣ የገዛ ድምፁን የሚፈራ፣
ሲጮኽ ደንግጦ የሚሮጥ፣ እናቱን የሚጣራ።
ሳቅኩ፣ እስኪያመኝ ድረስ፤ እጀታውን ሳዞር፣
ጅቡ ሁለት መቶ ሆኖ ከመኪናው ይወጣ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት?
ከሰባት ቀጥሎ የሸሸው ስምንት፣
ዘጠኝ ቤት ተደብቆ፣ ቆጣሪን ሁሉ የሚያስት፤
ኮፍያ ያማረው ቅል፣
«በልኬ ስፉልኝ» ሲል፤
ደግሞም አህያዋ፣ ደብዳቤ ተሸክማ፣
አድራሻው ባይገባት፣ አንብቡልኝ ብላ ያዳረሰች ከተማ።

በዚህችኛዋ ተጠራን።
ከአውራጃ የመጣ ሰው፣ መነጽሩን ወልውሎ፣
«አህያዋ ማን ናት?» አላት፣ ወረቀቱን ከፊቷ ጥሎ።
«አህያ ናት፣ ጌታዬ።»
«ደብዳቤውስ?»
«አላነበበችውም። እኔም አላነበብኩት።»
ሰውዬው ሊቆጣ ፈለገ፤ ሊስቅም ፈለገ፤
በመጨረሻ አንድ ቅጂ ለልጁ ብሎ ወሰደ።
እኔ ግን እስከ ክረምት፣ በር በተንኳኳ ቁጥር፣ ጉልበቴ እንደራደ።

ጉንዳኗ ኋላ መጣች።
በገለባ ተሳፍራ ተምጫን ልትሻገር፣
ማዶ ካለች እህቷ ዘንድ፣ ጨው ልታደርስላት ነበር።
መሀል ላይ ጎርፉ ደረሰ።
ገለባው ወጣ። ጉንዳኗ አልወጣችም።
አለቀ።
«ጨከንሽ» ብላት፣ «ልጅ ተምጫን ያውቀዋል» አለችኝ፣
«በየክረምቱ ያየዋል።» ሌላ አልመለሰችልኝ።

ሰኞ አደልን። ማክሰኞ፣ የዝና
የምትባል የሁለተኛ ክፍል፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ገና፣
ንብረት ክፍል በር ላይ ቆመች። አላለቀሰችም።
«ጨዉስ?» አለች። «እህቷ አልጫ ልትበላ ነው?» ከዚህ ሌላ አልጠየቀችም።

አትጠገብ ሁለት መቶውን ከየቤቱ ሰበሰበች፣
ፋኖስ አስለኩሳኝ ሦስት ሌሊት አመሸች።
የመጨረሻዋን መስመር እየሰረዘች በቀይ፣
በእጇ ጻፈች ከላይ።
እኔ እንቅልፌ መጥቶ ነበር። አንድ ዓይነት ነው የመሰለኝ።

ባለፈው ጥር ቀበርናት። ድንኳኑ ሞላ ባዋቂ፣
ነርስ፣ ሹፌር፣ ዳኛ፣ ግንበኛ፣ የባንክ ጠባቂ፣
ሁሉም ልጇ ነኝ ባይ፤ አትጠገብን ያልጠገቡ።
ንፍሮ እየዘገኑ ድሮን ሲያነሡ፣ ሲያስቡ፣
ሹፌሩ «እንቁራሪት አዝላ አሻገረቻት» አለ።
«ምን እንቁራሪት! ተምጫ ራሱ አዝኖላት ጎደለ»
አለች ነርሷ። ዳኛው፣ ችሎት እንዳለ ኮስተር ብሎ፣
«ዋና ትችል ነበር፤ በጽሑፍ አለ» አላቸው፣ ጣቱን ሰቅሎ።
የዝና አዋላጅ ናት ዛሬ፣ ጥርሷ ሙሉ፤ ሳቀች፦
«እኔ ዘንድ እህቷ ናት፣ በራሷ ገለባ የመጣች።»
ድንኳኑ ተጨቃጨቀ፣ ለቅሶ መሆኑን ረስቶ፤
ቄሱ እንኳ «በኛ ቤትስ» አሉ፣ የወንድማቸው ቅጂ ትዝ ብሏቸው።

ያኔ ነው የገባኝ። ሦስቱ ሌሊት። ቀዩ ብዕር።
ለአንዱ ልጅ የተጻፈው፣ ለሌላው አልተደገመም ነበር።

ዝም ብዬ ወጣሁ።
ቤቴ፣ ሳጥኑ ውስጥ፣ የኔ ቅጂ አለች፤
መኪናው ሲጀምር ቀለም ልሞክር ያወጣኋት፣
ከቁጥር ውጪ የሆነች፣ አትጠገብ ያላየቻት።
በእሷ ውስጥ ጉንዳኗ ዛሬም ትሰምጣለች።
ስከፍት ትሰምጣለች። ስዘጋ ትሰምጣለች።

ለማንም አላሳየሁም።
ዛሬ ጠዋት ከልጅ ልጄ እርሳስ ለመንኩ፤ ቀረጽኩት።
ጫፉ ተሰበረ።
ደግሜ ቀረጽኩት።