ለአለኸኝ፣ ከልብስ ሰፊው

ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ከሱቄ ደፍ ቆመህ፣
ማልያህን አጥበህ፣ በጋዜጣ ጠቅልለህ፣
«ጋሼ፣ ቁጥሩን ፍታው፤ የሚመጣው የራሱን ይምረጥ» አልህ።
መልስ አልሰጠሁህም፤ መርፌ የዋጥሁ መሰለህ።

ድሬዳዋ አሉኝ፤ ሩቅ ነው፣ ይሞቃል፤
ደመወዙ ደግሞ ለእናትህ ቤት ይበቃል።
ደስ ብሎኛል ልበል፤ ግማሹ እውነት ነው፤
ግማሹ ግን ክር ያለቀበት ሲንጀር ነው፣
ዝም ብሎ ጨርቅ የሚወጋው።

ስምህን ለአንድ ቤት ነበር እናትህ ያወጡት፤
ሜዳ ሙሉ ጉሮሮ ቀምቶ ጮኸበት።
አንድ የቡሬ ነጋዴ፣ በርበሬ ጆንያው ላይ ተቀምጦ፣
«ማን ነው ያላቸው?» አለ፣ በጩኸታችን ደንግጦ።
ጣቴን ቀሰርሁለት፣ ወደ ግቡ አፋፍ፤
ጭቃ የለበሰ ቀጭን ልጅ፣ ቁጥር አራት፣ ሲዘልና ሲያርፍ።

መጀመሪያ ስትመጣ፣ በአሥራ ስድስት ዓመትህ፣
ማልያው ቀሚስ ሆነና ጉልበትህን ሸፈነብህ።
ጠበብ አደረግሁት፤ መቀስ ግን አላነሳሁም፣
«ያድጋል» ብዬ አጠፍሁት፤ ትርፉን አልቆረጥሁም።
ከዚያ በየመስከረሙ፣ ትከሻህ በሰፋ ቁጥር፣
አንድ አንድ ጣት ፈታሁልህ፣ ከብብትህ ሥር።
ዘንድሮ ዳስሼ ባየው፣ ወደ ውስጥ ያጠፍሁት
አልቋል።
ከዚህ በላይ አይሰፋም፤
ጨርቁም፣ ሜዳውም፣ እኔም።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሳልናገር ብትሄድ ይቆጨኛል።
የዳንግላው ጨዋታ ትዝ ይልሃል? ፍጹም ቅጣት ምቱ?
ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ወደ ባሕር ዛፉ ስትልካት
«እግሩ ይሰበር!» ያለው ድምፅ፣ ከበስተግራ፣ ከሽቦው ጥግ፣
እኔ ነበርሁ።
በሳምንቱ ወለም ብሎህ ስታነክስ ባይህ
ሦስት ቀን ፔዳሉን በአንድ እግሬ ብቻ ረገጥሁ፤
ደንበኛ ሲጠይቀኝ «ቁርጥማት ነው» አልሁ።
ያንተን ወለምታ ወጌሻው አሽቶ አድኖታል፤
የእኔን ግን ማንም አላሸልኝ።

ሌሊቱን ቁጥሩን ፈታሁ፤ ክር በክር፣ በምላጭ ጫፍ፤
ልጅ እንደማያስነሳ ሰው፣ ቀስ እያልሁ፣ ሳልተነፍስ በአፍ።
ክሩ ወጣ። ቀዳዳው ቀረ።
ጨርቁን ወደ አምፖሉ ባነሳው፣
በነጠብጣብ ብርሃን፣ አራት ነው አሁንም።
ለሚመጣው ልጅ ዘጠኝ እሰፋበታለሁ፤
ፀሐይ ከጀርባው ስትመታው የሚያየውን ያያል፤
እኔ ለማንም አልናገርም።

መናኸሪያ አልመጣም፤ በር በሩን አትይ።
የሠርግ ሱሪ አለብኝ፣ ሙሽራው ደግሞ ነዝናዛ ነው።
ጡሩንባውን ግን ከዚሁ እሰማዋለሁ፤
አውቶቡሱ ወደ ደምበጫ ወርዶ ድምፁ እስኪጠፋ
ሲንጀሩን አቆማለሁ።
የከተማችን ስም ራሱ ስንብት ነው፣ ፍኖተ ሰላም፤
ያወጣላት ሰው ልጅ የሸኘ ሳይሆን አይቀርም።

እዚያ ውኃ ጠጣ። አሸዋ ላይ ካልሲ አትናቅ።
ለእናትህ ደውል፤ የሚሰሙት በቀኝ ጆሯቸው ነው፣
በግራ ይዘውት ከሆነ «ገልብጪው» በላቸው፣ አትሳቅ።

እና አንድ ቀን በዋንጫ ከእነሱ ጋር ብትመጣብን
እሰድብሃለሁ፣ ከዚያው ከሽቦው ጥግ፣ እወቀው፤
የእናት ስድብ ሳይሆን፣ የልብስ ሰፊ ስድብ፤
ስፌትህ ይተርተር ዓይነት።
ግን ኳስ ወደ እኛ ግብ ሲበር፣ ተከላካዩ ሲሳሳት፣
ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ሲውጥ፣
ከአፌ «አለኸኝ!» የሚል ቢያመልጠኝ
ዞር አትበል።
ልማድ ነው።