ጃንዋሪ አንድ የተወለዱ

ጎተንበርግ ዝናብ ነው፣ ከሂሲንገን ማዶ
ትራሙ ያቃስታል እንደ በር ተንጋዶ።
የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፣ ይኸው ሦስት ዓመቴ፤
ከሥራ ስመለስ መዝገብ ነው እራቴ።

ነገሩ የተነሣ በወይዘሮ አጸደ ለቅሶ ነው።
ገና እንባ ሳይደርቅ ስልካችን ባንድ ጊዜ ጮኸ፤ ማን ነው?
ስሙ መዝገብ ላይ ያለ፣ ፊቱን ሰው ያላየው፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የቆየው።
«ነፍስ ይማር» አለ መጀመሪያ፤ አንጀታችን ራራ፤
«ያለ ዋስ የምንሰጠው ብድር አለ» አለ በሁለተኛው ተራ።
የሟቿ ልጅ ኅሩይ ስልኩን ወረወረ፤
መስታወቱ ተሰነጣጥቆ ምንጣፉ ላይ ቀረ።

«ጸሐፊ» አለኝ ሊቀ መንበሩ፣ አቶ ደምለው፣
«የተኛ እባብም እባብ ነው፤ ሳይነቃ ለቅመህ ጣለው።»

እንዴት ይለቀማል የተኛ ከተኛ?
ክፉው አድፍጦ፣ ደጉ በሥራ ዝሎ፣ ሁለቱም ዝምተኛ።

የተመዘገቡበትን ሰዓት አየሁ።
በአንዲት የመጋቢት ሌሊት፣ ከዘጠኝ እስከ አሥር፣
አርባ አንድ ስም ገብቷል፣ ጉንዳን መስሎ በአንድ መስመር።
በዚያ ሰዓት ማን ይነቃል? መነኩሴና ዳቦ ጋጋሪ፤
አርባ አንድ ጋጋሪ የለንም፤ ይመስክር ፈጣሪ።

ስማቸውስ! «ተስፋ ተስፋ»፣ «ወርቁ ሮበርት ዓለም»፣
ማን ማንን እንደወለደ ጨርሶ አይታወቅም።
አንዱማ «ከበደ ሰባ ሁለት» ነው፣ እንደ አውቶቡስ ቁጥር፤
ሰባ አንዱ ወንድሞቹ የት እንደቀሩ ምሥጢር።

ሳቅሁ። ከዚያ የልደት ቀናቸውን አየሁ፣ ሳቄን ተውኩ።
አርባ አንዱም፣ አንድም ሳይቀር፣
ጃንዋሪ አንድ ተወልደዋል።

«ወንፊቴን አገኘሁ» አልኩ።
ሙሉውን መዝገብ በዚያች ቀን ነፋሁት።
ከወንፊቱ ሥር የወደቁት አርባ አንድ አልነበሩም፤
ዘጠና ስድስት ነበሩ።
ኅሩይ እዚያ ውስጥ አለ። ሟቿ እናቱም አለች።
«ለቅመህ ጣለው» ያለኝ አቶ ደምለው አለ፣
ደግሞም እኔ።

ረስቼው ነበር። የስደተኞች ቢሮ፣ መስኮቱ አጠገብ፣
ጸጉሯ እንደ ገለባ የሆነ ሴትዮ «መቼ ተወለድክ?» አለችኝ።
እናቴ የነገረችኝን ነገርኳት፦
ዘመነ ማርቆስ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣
የነጋድራስ ወፍጮ ቤት የተቃጠለ ማታ።
አስተርጓሚው ተናገረ። ሴትዮዋ አሰበች።
ሣጥኗ ጠባብ ነበር፤ ያ ሁሉ እሳት አልገባላትም፤
ጃንዋሪ አንድ ብላ ጻፈችኝ፣ ፈገግም አለች፣ ክፋት የለባትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ወንፊቱን ሰቀልኩት።
ለአርባ አንዱም፣ አንድ በአንድ፣ ስልክ መታሁ።
ሠላሳው አልጠራም። አንዳንዱ ጠርቶ ጠርቶ ዝም፤
ሌላው የማሽን ድምፅ ነው፣ ሰላምታም የማይመልስ፣ የማይተነፍስም።
አርባ ስም ላይ እርሳሴ ሰረዝ አሰመረ።
አንዲት ቀረች፤ ይርገዱ ትላለች፤ እጄ ሊሰርዛት ተቻኮለ፣
ስልኩ ግን ተነሣ።

እንቅልፍ የቆረጠው ድምፅ፣ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፤
ከኋላዋ መጋረጃ ሲንሿሿ ይሰማል።
ስሜን ነገርኳት፣ ከእድሩ ነኝ አልኳት።
«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም» አልኩ። ምን ልበላት?
«ይቅርታ» አለች፣ «ለቅሶ ደርሼ አላውቅም፣ ታዝባችሁኛል፤
አንገሬድ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው፣ ሌሊት።
ሊጡ ኩፍ እስኪል ነበር ቅጹን የሞላሁት።
ክፍያዬ አልደረሰም እንዴ?»

ደርሷል። ገለጥኩና አየሁት።
ሃያ አራት ወር፣ አንድም ቀን ሳይዛነፍ፣
እኔ ግን ሰዓቱን እንጂ ገንዘቡን አላየሁ።
እርሳሱ ጣቴ መሃል ከበደኝ፤ «ደርሷል፣ ተኚ» አልኳት።

አርባዎቹን በማግስቱ ሰረዝኩ፤ አቶ ደምለው ፈረመ።
ከበደ ሰባ ሁለት ጋ ስደርስ ግን
ብዕሬ ቆመ።
አውቃለሁ፣ ሰው አይደለም። አውቃለሁ።
እንደገና ደወልኩለት።