ከቅጠሉ ጀርባ

ማታ አንኳኳ ቢያድግልኝ፤ ጃኬቱን ዝናብ አርሶታል፤
በክብሪት ቀፎ ውስጥ አንድ ቅጠል እንደ አደራ ይዞታል።
«ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ምን ነክቶት ነው የገረጣ?
ትናንት ጤነኛ ነበር፤ ዛሬ ነው ነጥብ ያወጣ።»

ስድስት ዓመቴ ነው ጡረታ ከወጣሁ፤
አዘዞ ጤና ጣቢያ ደም ሳነብ የኖርሁ፣
ከመስታወት ላይ ወባ ስፈልግ ዓይኔን የጨረስሁ።
አሁን የሰፈሩን ጽጌረዳ፣ ቃሪያና ቲማቲም አያለሁ፤
ማን እንደ ሾመኝ እንጃ፤
እነሱ ያመጣሉ፣ እኔ እመረምራለሁ።

«ቢጫው የጀመረው ከታች ነው ከላይ?» አልሁት።
«እ... ከታች መሰለኝ።»
«ከታች ከሆነ ናይትሮጂን አንሶታል፤
አሮጌው ቅጠል ከራሱ እያወጣ ለለጋው ይሰጣል፣
እናት በክፉ ቀን እንደምታደርገው።
ከላይ ከሆነ፣ ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ከነጣ፣
ብረት ነው የራበው፤ ብረትም ከአፈሩ አልታጣ፤
ውሃህ ነው የቆለፈበት። ማንቆርቆሪያህን እየው፣
ያን ነጭ ቅርፊት፣ ከታቹ የተጋገረው።
ጠርዙ እንደ ተለበለበ ወረቀት ከሆነ ፖታሲየም፤
ግንዱ ወይን ጠጅ ከመሰለ ፎስፎረስ፣ ወይ ደግሞ ምንም፤
ከደባርቅ የወረደ ብርድ ብቻ።»

«ዩሪያ ጨምሬበታለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ።
«ስንት?»
«በሾርባ ማንኪያ። በየሦስት ቀኑ።»
«አይ ቢያድግልኝ! በራበው ሆድ ላይ ድግስ አይወርድም፤
ሥሩን አቃጥለኸዋል። ግን ይህ ነጥብ የዩሪያ አይመስልም።»

ከቤቴ ሦስተኛው ግቢ ነው። አንድ ክፍል፣
መስኮቱ በላስቲክ የታፈነ፣ ግድግዳው ብልጭልጭ የለበሰ፣
መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚያርፍ አምፖል፣
ሃምሳ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ በየጣሳው ቃሪያ።
እናቱ ፈንታነሽ ደጃፉ ላይ ቆማለች። አትገባም።

ነጭ ወረቀት ዘረጋሁ፤ ቅጠሉን ከላዩ መታ መታ አደረግሁት።
አቧራ ወረደ።
ጠበቅሁ።
አቧራው ሄደ።

«ቀይ ሸረሪት።»
«ከየት?» አለ ልጁ፣ ድምፁ ተሰብሮ።
«አፈሩን በፈላ ውሃ ገድዬ፣ መስኮቱን ደፍኜ፣ ደጁን በመረብ አጥሬ!»
«ማን ገብቶ ነበር?»
«ማንም። እርስዎ ብቻ፣ ያለፈው ማክሰኞ።»

እጅጌዬን አየሁ።
ማክሰኞ ጠዋት የመምህር ደርሶልኝ ጽጌረዳ ዘንድ ነበርሁ፤
ድር የለበሰውን ቅርንጫፍ በክንዴ ገፋ አድርጌ፣
ሳልታጠብ፣ ይህችኑ ካፖርት እንደ ለበስሁ፣
እዚህ መጥቼ ሃምሳውንም አንድ በአንድ ዳበስሁ፤
«ጤነኛ ናቸው» ብዬም መረቅሁ።

«ምን አገኘህ?» አለች ፈንታነሽ ከደጅ።

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ።
ከዚህ ልጅ በፊት ሦስት ቀብራለች።
ሦስተኛዋ ከመተማ መልስ አተኩሷት መጣች፤
ጣቷን ወጋሁ፤ ጠብታዋን ቀለም አለበስሁ፤
መቶ ቦታ ማየት ሲገባኝ አርባ አይቼ ተውሁ፤
ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ነበር፣ ቀኑም ሊመሽ ነበር።
«ምን አገኘህ?» አለች።
«የለም» አልሁ። ጻፍሁም።
ከዚያ በኋላ የተወለደውን ቢያድግልኝ አለችው፤
በየቀኑ ስትጠራው እኔም እሰማለሁ፤
ሃያ አራት ዓመት፣ በአጥር ማዶ፣ እሰማለሁ።

ካፖርቴን አውልቄ ዝናቡ ውስጥ ወረወርሁት።
ለልጁ ነገርሁት፦ ሳሙና በውሃ፣ ከቅጠሉ ጀርባ፣
በየአራት ቀኑ፣ እንቁላሉ ተፈልፍሎ እስኪያልቅ፤
ዩሪያውን ተወው፤ እኔንም አታስገባኝ።

«ምን አገኘህ እኮ?»
«አለ፣ ፈንታነሽ» አልሁ። «አለ። ያመጣሁትም እኔ ነኝ።»

አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ።
ከዚያ ባልዲውን አንስታ
ወደ ቧንቧው ሄደች።