ሰምና መዳብ

በፕራግ፣ በዢዥኮቭ፣ ከምድር ቤት ወርጄ፣
የማተሚያውን መዘውር አሽከረክራለሁ በእጄ።
ኅዳር ነው። መስኮቱ ከእግረኛ ጫማ እኩል፤
ዝናቡ ሙሉ ያልፋል፣ ሰው ግን ግማሽ አካል።

ዝዴንካ መነጽሯን በጥቁር ክር አስራ፣
መዳቡን ሰም ቀብታ፣ በጧፍ ጢስ አጥቁራ፣
«ሌሊት» አለች፣ «ጓንቴ እንቁላል ጥሎ አየሁ፤
ሲፈለፈል ጊዜ ደረጃ ሆነና
ልወርድ ጀመርኩና
መጨረሻው ጠፍቶኝ መሐሉ ላይ ቆየሁ።»

ሌላ አልተናገረችም። መርፌዋን አነሣች፤
ሰሙን እየጫረች፣ እንዳይነቃ ብላ
ትንፋሿን አመቀች።

አሲዱ ውስጥ ሲገባ መዳቡ አረፈ፤
ከጭረቱ አፋፍ ላይ አረፋ ተንሳፈፈ፣
እንደ ተኛ ሰው ከንፈር፣
ሊናገር፣ ላይናገር።

በእኛ ቅኔ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይወጣል፤
እዚህ ሰም የተላጠበት መዳብ ይቆስላል፣
ቁስሉም ቀለም ይጠጣል።

እርጥብ ወረቀቱን ከላዩ አለበስኩት፤
ብርድ ልብስ ደረብኩ፤ መዘውሩን ሳብኩት።
ጥጉን ይዛ ገለጠች።
ጓንቱ አለ። ደረጃው አለ። ከደረጃው ግርጌ ግን
ያልሳለችው ካፖርት ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤
ሁለተኛው ቁልፉ ከነክሩ ተነቅሏል።

«አሲዱ ነው» አለች። ድምፅዋ ግን ቀጠነ።
የራሷን ሹራብ ቁልፍ፣ ሁለተኛውን፣ ያዘች።
«ራዶቫን» አለች ቆይታ፣
ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ።

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው ትሉ የለ? ፍታልኝ።»
«እኛ ዘንድ» አልኳት፣ «ሕልም ሲፈታ ይገለበጣል፤
ሲያለቅስ ያደረ በማግስቱ ይስቃል።
ባዶ ካፖርት ያየ…» ምራቄን ዋጥኩና
«የለበሰው አለ፤ ይመጣል ገና።»

ሳቀች። ቀለም በጠጣ ጣቷ ጠረጴዛውን መታ አድርጋ፦
«ማተሚያውም እኮ ይገለብጣል፣ ልጄ።
ሁለቴ የተገለበጠ
እንደ ነበር ነው።»

መልስ አጣሁ። ከላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣
የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጫማ
ቆመ፣ አመነታ፣ ሄደ።

ቁራጭ መዳብ ሰጠችኝ። «ስምህን ጻፍ፣ እንየው።»
ተሰማ ብዬ ጻፍኩ፤ ነከርን፣ ቀለም አበላን፣ ዘወርን።
«ተ» እንደ መስቀል ጸና። «ሰ» በሁለት እግሩ ቆመ።
«ማ» ብቻ ተገልብጦ፣ ከፊት እየመራ፣
ረጅም እግሩን አውጥቶ በስተግራ፣
ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወርድ ነው፤
ደረጃ እንዳለ ማን ነገረው?