የፈረስ ማሰሪያ

ሐይቅ አትበሉት፤ ይቀየማል። ባሕር ነው እዚህ ስሙ፤
ሐይቅ ያሉት እንግዶች ናቸው፣ ከነጀልባቸው የሰጠሙ።

ሦስት መቶ ወንዝ ይገባል አሉ፤ እኔ ቆጥሬ አላውቅም፤
የኛዋን ምንጭ ግን አውቃለሁ፣ ግንቦት ከገባ አታርፍም።
የሚወጣው አንድ ነው፣ አንጋራ፤ የባይካል ሴት ልጅ ናት አሉ፣
አባቷ እንቅልፍ ሲጥለው ሌሊት የጠፋች ከክልሉ።
ነቅቶ ቋጥኝ ወረወረ፤ ቋጥኙ መንገድ ላይ ቆመ፤
እሷ በጎኑ ሾልካ ሄደች፤ ሽማግሌው ግን ታመመ።
አባቴ ጋርማ ይህን ሲያወራ ይስቅ ነበር መጨረሻው ላይ፤
"ሰሰግ፣ የሄደች ልጅ በድንጋይ ትመለሳለች ወይ?"

አባቴ የበረዶ አድማጭ ነበር፣ በጃፓን ጦርነት ክረምት፣
ሐዲዱ ባሕሩን ዞሮ ጫፍና ጫፉ ሳይገጥም በፊት።
ወታደር ወደ ምሥራቅ ይቸኩላል፤ ባሕሩ አይቸኩልም፤
በረዶው ላይ ሐዲድ ዘረጉ፤ ድልድይ የለም፣ መርከብ የለም።
ጢሙ በረዶው ላይ እየቀረ፣ ጆሮውን ለጥፎ ሲያደምጥ፣
"ሲያጓራ አትፍሩት" ይል ነበር፣ "ዝም ሲል ነው የሚውጥ።"

አንድ ጠዋት ዝም አለ።

"ዛሬ አይሆንም" አለ አባቴ። አዛዡ ሰዓቱን አየ።
ባቡሩ ተነሣ። ከዚያ አረንጓዴ ጨለማ ታየ፤
ጭሱ ብቻ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ከላይ ቆየ።

ከዚያ ወዲያ ፉርጎዎቹን በፈረስ አስጎተቱ፤
የአባቴ ዳማም ነበረበት፣ ደረቱ ውርጭ፣ ላብ ፊቱ።
ሁለቱም በሚያዝያ ቤት ገቡ፤ ደመወዙ መንገድ ቀረ።
አባቴ አልጠየቀም። ግንድ ጠረበ፣ እግሩን ደጃፍ ቀበረ፤
የፈረስ ማሰሪያ። በኛ በቡርያቶች ወግ አይነካም፤
ሰውየው ሞቶ፣ ፈረሱ ሞቶ፣ ራሱ እስኪወድቅ አይተካም።

ሊለኩት መጡ ደግሞ፣ ባለ ገመዱ፣ ባለ እርሳሱ፤
ገመዱ አለቀ፣ ባሕሩ አላለቀም፤ ቁጥር ጽፈው ተመለሱ።
ዕድሜው ብዙ ሚሊዮን ዓመት ነው አሉን። አክስቴ ዶልጎር፣
"ታዲያ አዋላጇ ማን ነበር?"

ከዚያ ግድቡ መጣ። ቋጥኝ ያልያዛትን ልጅ ሲሚንቶ ያዛት።
ውሃው ሁለት ክንድ ከፍ አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሳያንኳኳ፤
መጀመሪያ ድንቹን በላ፣ ቀጥሎ ደጃፉን ነካካ።
ቤቱን ሳንቃ በሳንቃ ፈትተን ወደ ዳገቱ ተሸከምን፤
ማሰሪያው አይነቀልም፤ እዚያው ለውሃው አስረከብን።

ዛሬ ጀልባዬን አስርበታለሁ። ሳርማ፣ ያ ነፋስ፣ ሲነሣ
ጀልባው ገመዱን ወጥሮ ይራገጣል፤
ግንዱ ዳማውን አልረሳ።
ትናንት ጉሙ ሲገፈፍ፣ የአቆስጣ ግልገል ጀርባዋን ስታክበት አየሁ።
ሁለታችንም ዝም አልን።
ባሕሩ ያጓራ ነበር፤ ስለዚህ አልፈራሁ።